ጁሙዓና 48ቱ የሥራ ሰዓት



በሐይቅ ከተማ ጁሙዓ ቀን፣ ከእኩለ ቀን ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚያልፈው አስፋልት ዳር ቆሞ አላፊ አግዳሚውን የሚመለከት ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ገበሬው ከየቀበሌው ገብቷል። ነጋዴው የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ ወጥቷል። የመንግሥት ሠራተኛው ከ5፡30 ጀምሮ ከወንበሩ ተነሥቷል። ሁሉም ፊቱን ወደ መስጊድ አዙሯል። በዚያው አስፋልት ግራና ቀኝ ግን ወደ መስጊድ የማይሄዱ ሙስሊም ወጣቶች አሉ። አንዱ የሻይ ብርጭቆ ያጥባል፤ አንዱ ጋራዥ ውስጥ ከመኪና ሥር ተኝቷል፤ አንዱ ደግሞ የሰው ሱቅ ይጠብቃል። ባለሱቁስ የት ሄደ? ጁሙዓ ሊሰግድ።

ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሱ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «የሥራ ሰዓት ነው» ይባላል። ወደ አምባሰል አለፍ ብለን በውጫሌም የሰማነው ይህንኑ ነው። ለመሆኑ የሥራ ሰዓት ማለት ምን ማለት ነው? ስንት ነው? ማንስ ቆረጠው? ስለ ጁሙዓ ግዴታነት በየመስጊዱ አያሌ ኹጥባ ይደረጋል፤ ስለዚህኛው ጥያቄ ግን የሚናገር ጥቂት ነው። ስለሆነም በዚህ ወር ዕትም የአገሪቱን የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ገልጠን፣ የሥራ ሰዓትን የሚመለከተውን ክፍል ከአንባቢዎቻችን ኑሮ ጋር እያገናዘብን ለማየት ወደናል።

39 እና 48

የመንግሥት ሠራተኛው ጁሙዓ የሚደርሰው በአለቃው መልካም ፈቃድ አይደለም። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረው ሰዓት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ጠዋት ከ2፡30 እስከ 6፡30፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ7፡30 እስከ 11፡30 ነው። ዓርብ ግን የጠዋቱ ሥራ 5፡30 ላይ ያበቃል። በሂሳብ ስናየው አራት ቀን በ8 ሰዓት 32 ይሆናል፤ የዓርቡ 7 ሲጨመርበት 39 ይመጣል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የሳምንቱ መደበኛ ሥራ ከ39 ሰዓት እንዳይበልጥ የደነገገው ከዚሁ ጋር የሚገጥም ነበር። ከ40 የጎደለችው አንዲት ሰዓት የጁሙዓ ሰዓት ናት። ሙስሊም ያልሆነውም የሥራ ባልደረባ ምሳውን ተረጋግቶ ይበላባታል፤ የተጎዳ ሰው የለም።

የግል ድርጅት ሠራተኛ የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ነው። ሕጉ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይባላል። በአንቀጽ 61 እንደተደነገገው የሠራተኛው መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8 ሰዓት ወይም በሳምንት ከ48 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ቁጥሩ አዲስ አይደለም። ከዚህ በፊት የነበሩት የ1985ቱ አዋጅ ቁጥር 42 እና የ1996ቱ አዋጅ ቁጥር 377 ያንኑ 8 እና 48 ይዘው ነበር። በዓለም ደረጃም የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1919 ዋሽንግተን ላይ ባወጣው የመጀመሪያ ስምምነቱ ለፋብሪካ ሠራተኞች የቆረጠው ይህንኑ ነው። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 42 ሠራተኞች በአግባቡ የተወሰነ የሥራ ሰዓት፣ ዕረፍትና የመዝናኛ ጊዜ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይናገራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነጥብ አለ። የሥራ ሰዓት ማለት እጅ ሲንቀሳቀስ የዋለበት ሰዓት ብቻ አይደለም። ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የቆየበትም ጊዜ በሕጉ ትርጉም የሥራ ሰዓት ነው። በመንገዳችን ዳር ባሉ ምግብ ቤቶች የሚሠራ አስተናጋጅ አውቶቡስ እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብሎ ቢጠብቅ፣ ያ መቀመጡ እንደ ዕረፍት ተቆጥሮ ማታ ሁለት ሰዓት እንዲያካክስ ሊደረግ አይገባም። «ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ነው የዋለው» የሚለው ክርክር በሕግ ፊት አያዋጣም። ሂድ ቢባል ሄዶ ጉዳዩን መፈጸም ይችል ነበር ወይ ነው ጥያቄው።

አዋጁ ለግል ድርጅት ሠራተኛ «ዓርብ ከዚህ እስከዚህ ሰዓት ለሶላት ይውጣ» የሚል አንቀጽ የለውም፤ ይህን ሳንሸፋፍን መናገር ይገባናል። ይሁን እንጂ መውጫ መንገዱን አልዘጋውም። በቀን 8 ሰዓት የሚሠራ ድርጅት ጠዋት ከ2፡00 እስከ 6፡00፣ ከሰዓት ከ7፡00 እስከ 11፡00 ይሠራል እንበል። ዓርብን ብቻ ከ1፡30 እስከ 5፡30፣ ከዚያም ከ7፡30 እስከ 11፡30 ቢያደርገው ሥራው ያው 8 ሰዓት ነው። ለዚህ አዋጅ መጥቀስ እንኳ አያስፈልግም፤ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መክፈትና ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ መዝጋት ይበቃል። ሁለተኛው መንገድ አንቀጽ 63 ነው። የሥራው ጠባይ ግድ የሚል ሲሆን ከሳምንቱ ቀናት የአንዱን ሰዓት አሳጥሮ ልዩነቱን በቀሩት ቀናት ላይ ማደላደል ይቻላል፤ ብቻ የአንዱ ቀን ጭማሪ ከ2 ሰዓት እንዳይበልጥ። ከዓርብ አንድ ሰዓት ተነሥቶ በሌሎቹ አምስት የሥራ ቀናት ላይ ቢደለደል በቀን የሚደርሰው 12 ደቂቃ ነው። 12 ደቂቃ!

ሱረቱል ጁሙዓን የቀራ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አላህ (ሱ.ወ.) በአዛኑ ጊዜ ንግድን ትተን ወደ ሶላቱ እንድንሄድ አዝዞ፣ ሶላቱ ሲያበቃ ደግሞ በምድር ላይ ተበትነን ሲሳያችንን እንድንፈልግ ነግሮናል። በእስልምና ጁሙዓ ሥራ የሚታገድበት ቀን አይደለም። ሠራተኛው ከአሠሪው የሚጠይቀው ቀን ሳይሆን ሰዓት ነው ማለት ነው። ይህን ለይቶ የሚያስረዳ ሠራተኛ፣ አሠሪው ክርስቲያንም ቢሆን፣ ጥያቄው ሰሚ ያገኛል የሚል እምነት አለን። በወሎ ምድር እኮ የጎረቤትን ጾምና በዓል መጠበቅ ማንም አስተምሮን የለመድነው ነገር አይደለም።

በተራ በሚሠራባቸው የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ነገሩ ይከብዳል። ከሐይቅና ከአምባሰል ብዙ ወጣት ወደዚያ ወርዷል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ማሽን አቁሞ ሊወጣ አይችልም። በዚህ ጊዜ የሚበጀው ተራን መለዋወጥ ነው፤ የዘንድሮው ዓርብ ያመለጠው ለሚቀጥለው እንዲደርስ። ለዚህም ጉዳዩ በድርጅቱ የሥራ ደንብ ወይም በኅብረት ስምምነት ላይ እንዲሰፍር መጠየቅ ይቻላል። 10 ሠራተኞች ካሉ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም በሕግ የተፈቀደ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ማሽን ወይም በሽተኛ ትቶ መሄድ የማይችል ሰው ስላለው ዑዝር ደግሞ በአካባቢው ያሉትን ዑለማ ጠጋ ብሎ መጠየቅ ነው።

ማታ 4 ሰዓት

ከክፍላችን አንድ ተማሪ በየጠዋቱ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ይተኛ ነበር። ዕድሜው 16 ነው። ቀርበን ስንጠይቀው ማታ ማታ በአንድ የመንገድ ዳር ምግብ ቤት ከ12 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ለከባድ መኪና ሾፌሮች ሻይና እራት እንደሚያመላልስ ነገረን። ወደ ባለቤቷ ሄድን። «ኡስታዝ፣ እኔ እኮ እንደ ልጄ ነው የማየው፤ እራቱን በልቶ ነው የሚሄደው። መኪናው የሚመጣው ሌሊት ነው፤ እኔስ ምን ላድርግ ይሉኛል?» አሉን። ክፋት አልነበረባቸውም። ሕጉን ግን አልሰሙም።

ሕጉ እንዲህ ይላል። ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አይሠራም፤ ትርፍ ሰዓት አይታዘዝም፤ በሳምንት ዕረፍቱና በሕዝብ በዓላትም አይሠራም። በ1996ቱ አዋጅ ዝቅተኛው የመቀጠሪያ ዕድሜ 14 ነበር፤ የ2011ዱ ወደ 15 ከፍ አደረገው። እንግዲህ የዚያ ልጅ ጥፋት የሰዓቱ ብዛት አልነበረም፤ የሰዓቱ መምሸት ነበር። በመጨረሻ ልጁ እስከ 3 ሰዓት ተኩል እንዲሠራ፣ የቀረውን ሌሊት አንድ ጎልማሳ እንዲይዘው ተስማሙ። የወር ክፍያው ቀነሰ። እናቱ አልተደሰተችም፤ ይህም መደበቅ የለበትም።

ለአዋቂው ሠራተኛ ደግሞ ትርፍ ሰዓት የራሱ ልክ አለው። በመሠረቱ ሠራተኛ ትርፍ ሰዓት እንዲሠራ አይገደድም። አሠሪው ሌላ ዘዴ ሊያገኝ በማይችልበት ጊዜ፣ ያውም አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲመጣ፣ ወይም በማይቋረጥ ሥራ ላይ የቀረን ሠራተኛ መተካት ሲያስፈልግ ብቻ ነው የሚታዘዘው። በዚህም ጊዜ ቢሆን በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። የቀድሞው ሕግ በቀን 2 ሰዓት፣ በወር 20፣ በዓመት 100 ሰዓት ነበር የሚለው፤ አዲሱ ገደቡን አላልቶ ክፍያውን ከፍ አድርጎታል። ይህ ልውውጥ ሠራተኛውን ጠቅሟል ወይ ብንባል፣ ለቤተሰብ ጊዜ ለሚያስብ ሰው እምብዛም ነው እንላለን።

ክፍያውን በምሳሌ እንየው። የወር ደመወዙ 3,120 ብር የሆነ ሰው በወር 26 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ይሠራል ብንል 208 ሰዓት ይሆናል፤ ስለዚህ የአንድ ሰዓቱ ዋጋ 15 ብር ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ትርፍ ሰዓት ከሠራ በ1.5 ተባዝቶ 22 ብር ከ50 ሳንቲም ይከፈለዋል። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ከሆነ በ1.75 ተባዝቶ 26 ብር ከ25 ሳንቲም። በሳምንት ዕረፍቱ ቀን ከሆነ በ2 ተባዝቶ 30 ብር። በሕዝብ በዓል ቀን ከሆነ በ2.5 ተባዝቶ 37 ብር ከ50 ሳንቲም። በቃ ይኸው ነው፤ «በሞራል ነው የሰጠሁህ» የሚባል ሂሳብ በአዋጁ ውስጥ የለም።

ዒድና የሳምንቱ ዕረፍት

በዓልን ካነሣን አይቀር፣ ዒድ አል ፊጥር፣ ዒድ አል አድሓ (ዐረፋ) እና መውሊድ በአገራችን የሕዝብ በዓላት ናቸው። በንጉሡ ዘመን እንዲህ አልነበረም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ አደባባይ የወጣው ሰልፍ ካነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ ይኸው የበዓላት ጉዳይ ነበር፤ መልስ ያገኘውም ከአብዮቱ በኋላ ነው። አባቶቻችን በእግራቸው ወጥተው ያገኙትን በዓል ልጆቻቸው ሣህን ሲያጥቡበት መዋላቸው ያሳዝናል።

የሕዝብ በዓል ደመወዝ የማይቆረጥበት ዕረፍት ነው። ሥራው ግድ ብሎ በዒድ ቀን የሚሠራ ሠራተኛ ለእያንዳንዱ ሰዓት የደመወዙ እጥፍ ይከፈለዋል፤ ከመደበኛው ሰዓት አልፎ ትርፍ ከሠራ ደግሞ ከላይ እንዳልነው በ2.5 ይባዛል። ከዚህ ሌላ ማንኛውም ሠራተኛ በየ7 ቀኑ ውስጥ ሳይቆራረጥ ቢያንስ 24 ሰዓት ማረፍ አለበት። ይህ ዕረፍት በተቻለ መጠን እሑድ እንዲሆን ሕጉ ይላል፤ ሥራው የማይፈቅድ ከሆነ ግን ሌላ ቀን ሊተካ ይችላል። እሑድ የማይዘጉት ምግብ ቤቶቻችን ለሙስሊም ሠራተኛቸው የዕረፍት ቀኑን ዓርብ ቢያደርጉለት የጁሙዓም ጥያቄ በዚያው ያበቃል። ለምን ይህ በብዙ ቦታ እንዳልታሰበ አይገባንም።

ስለ ረመዷን አዋጁ የተለየ ድንጋጌ የለውም። በሳዑዲ ዐረቢያ የሥራ ሕግ ሙስሊም ሠራተኛ በረመዷን በቀን ከ6 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ተደንግጓል። ሆኖም ይህ ሕግ የቤት ሠራተኞችን አይጨምርም፤ ከወሎ የሄዱት እህቶቻችን ደግሞ አብዛኞቹ የቤት ሠራተኞች ናቸው። የቤት ውስጥ ሥራ በረመዷን ይበዛል እንጂ አይቀንስም። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ ሥራውን በቀን 10 ሰዓት ወስኖታል። የኩዌት የ2015 ሕግ ደግሞ 12 ሰዓት ይላል። ልጁን የሚሸኝ ቤተሰብ ስለ ደመወዙ ብቻ ሳይሆን ስለ ሰዓቱም መጠየቅ አለበት።

አሠሪው አንባቢያችን

ከአንባቢዎቻችን መካከል አሠሪዎች ብዙ ናቸው። በ2014 ጦርነት ሀብታቸው ተዘርፎ ከባዶ የጀመሩም አሉባቸው። ችግራቸውን እናውቃለን። ነገር ግን በመድረሳ የኢጃራን ባብ የተማረ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ ሰውን ለመቅጠር ሥራው ወይም ጊዜው የታወቀ መሆን አለበት። «ና ሥራ፣ እንተያያለን» የሚባል ቅጥር በፊቅህም የተጓደለ ነው። አዋጁም ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር በፊርማው አረጋግጦ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። ለአምባሰል ሰው የውል ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ማስረዳት አያሻንም። በ1881 ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛና በጣሊያንኛ የተለያየ በመሆኑ የመጣውን ጣጣ ዓለም ያውቀዋል።

ለሠራተኛውም የምንለው አለ። የተቀጠረበት ሰዓት አማና ነው። ጁሙዓ ብሎ 5፡30 ላይ ወጥቶ በየሻይ ቤቱ ሲጫወት ቆይቶ 9 ሰዓት የሚመለስ ሰው የራሱን ደመወዝ ብቻ ሳይሆን ከእሱ በኋላ ፈቃድ የሚጠይቁትን ሁሉ መንገድ ያበላሻል። እንዲህ ያሉትን አሠሪዎች በምሳሌነት ሲጠቅሷቸው ሰምተናል።

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን አዋጁ የማይደርስባቸው ናቸው። በቤት ውስጥ ለግል አገልግሎት የተቀጠረች ሠራተኛ በአዋጅ 1156 አትሸፈንም፤ ጉዳይዋ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚታይ ነው። ከአምባሰል ገጠር ለትምህርት ተብላ ሐይቅ ወይም ደሴ ዘመድ ቤት የገባች ልጅ ደግሞ ተቀጣሪም አትባልም። ከፈጅር በፊት ተነሥታ እሳት ታያይዛለች፤ ሁሉም ከተኛ በኋላ ትተኛለች። የሥራ ሰዓቷን የሚቆጥር ተቆጣጣሪ የለም። 8 ሰዓት ነው 16፣ የሚያውቀው የቤቱ ሰው ብቻ ነው። ለሠራተኛው ስምንት ሰዓት በዛ ብለን የምንከራከርላቸው ቤተሰቦች የገዛ ወጥ ቤታቸውን ሰዓት አንድ ሳምንት ብቻ ቢመዘግቡት ጥሩ ነበር።

መብት ሲጓደል

በመጀመሪያ ከአሠሪው ጋር በጨዋ አንደበት መነጋገር ይቀድማል፤ ሽማግሌም ይኑር። ይህ ካልሆነ በወረዳው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚመለከተውን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይቻላል፤ የሥራ ሁኔታን የመቆጣጠር ኃላፊነት አለበት። ከዚያ ካለፈ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሥራ ሰዓትና ስለ ዕረፍት የሚነሣ የግል ክርክር የሚታየው በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው፤ ሠራተኛው የዳኝነት አይከፍልም። በሃይማኖቱ ምክንያት ሠራተኛን ማበላለጥም ሆነ ማባረር በአዋጁ የተከለከለ መሆኑን ይወቅ።

ጊዜ ግን አይጠብቅም። ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ መከፈል ካለበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል። በመስከረም መጨረሻ መከፈል የነበረበት የትርፍ ሰዓት መጋቢት ካለቀ በኋላ ቢጠየቅ አሠሪው «ጊዜው አልፏል» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ትርፍ ሰዓቱን የመመዝገብ ግዴታ የአሠሪው ነው፤ የአሠሪው መዝገብ ጎድሎ ቢገኝስ? ስለዚህ ሠራተኛው የራሱ ደብተር ይኑረው። ቀኑን፣ የገባበትን ሰዓት፣ የወጣበትን ሰዓት፣ ትርፍ ሰዓት እንዲሠራ ያዘዘውን ሰው ስም ማታ ማታ ይጻፍበት።